እንሸነፋለን ብሎ መወራረድ፦ የቶኒ ኬይና የፒተር ስዋን ቅጣት ተገቢ ነበርን?

የሰፈር አሰልጣኝ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆችን በሳምንት ሦስት ቀን አሠለጥናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ልምምድ ጨርሰን ኳስ በምንሰበስብበት ጊዜ አንዱ ልጅ ያነሳብኝን ጥያቄ በቅጡ ስላልመለስኩለት ከእናንተ ጋር ልመካከርበት ብዬ ነው የመጣሁት። በቅርቡ የምንገጥመው ቡድን በዕድሜም በአቅምም ከእኛ የሚበልጥ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ልጁም፣ «አሰልጣኝ፣ እንደምንሸነፍ ካወቅን፣ ላባችን እስኪንጠፈጠፍ ተጫውተን፣ ግን እንሸነፋለን ብለን ብንወራረድ ማንን በደልን?» አለኝ። ልጁ ተንኮለኛ አይደለም፤ ከሁሉም ቀድሞ ሜዳ የሚገኝ፣ መረቡን ሳይነገረው አጣጥፎ የሚያስቀምጥ ልጅ ነው። የውርርድ ቤት በየመንገዱ ዳር በሚታይበት ሰፈር ስላደገ፣ ትኬት መቁረጥ ኳስ ከማየት ተለይቶ አይታየውም። እኔም «ነውር ነው፣ ሁለተኛ እንዳልሰማ» ብዬ ዝም አሰኘሁት። ነውርነቱ ከምን እንደመጣ ግን አልነገርኩትም፤ ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ማታ ሳስበው ትዝ ያለኝ የእንግሊዛዊው አማካይ የቶኒ ኬይ ታሪክ ነው፤ የልጁን ጥያቄ ቃል በቃል የኖረ ሰው ይመስለኛልና። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ኬይ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሼፊልድ ዌንስደይ የመሐል ሜዳ ሞተር ነበር። ቡድኑ በ1961 የሊጉን ዋንጫ ከወሰደው ከቶተንሃም ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ፣ ኬይና የመሐል ተከላካዩ ፒተር ስዋን የቡድኑ ምሰሶዎች ነበሩ። ስዋን ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን 19 ጊዜ የተሰለፈ፣ ስኮትላንድ በዌምብሌይ 9 ለ 3 በተሸነፈችበት የ1961 ጨዋታም የነበረ ተከላካይ ነው።

ዲሴምበር 1 ቀን 1962 ዌንስደይ ኢፕስዊች ታውንን ለመግጠም ወደ ኢፕስዊች ሜዳ ሄደ። ከጨዋታው በፊት አጥቂው ዴቪድ ሌይን ለሁለቱ ጓደኞቹ አንድ ሐሳብ አቀረበላቸው፤ የሐሳቡ ባለቤት ቀደም ሲል በስዊንደን ታውን ከሌይን ጋር የተጫወተው ጂሚ ጎልድ ነበር። ኢፕስዊች ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ስለነበረ፣ እዚያ ሄዶ መሸነፉ እንደማይቀር ሦስቱም አመኑ፤ እያንዳንዳቸውም 50 ፓውንድ አስይዘው በቡድናቸው ሽንፈት ላይ ተወራረዱ። ኢፕስዊች 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ለእያንዳንዳቸውም 100 ፓውንድ ትርፍ ደረሳቸው። ዘ ፒፕል የተባለው የእሑድ ጋዜጣ ግን ስለ ጨዋታው ሲዘግብ፣ የሜዳው ኮከብ ብሎ የመረጠው ከሁሉም ተጫዋቾች ቶኒ ኬይን ነበር።

በዚያው ወር ኤቨርተን ወደ 60,000 ፓውንድ ከፍሎ ኬይን ወሰደው፤ ገንዘቡ በዘመኑ ለብሪታንያ ተጫዋች ከተከፈሉት ትልልቅ ዋጋዎች አንዱ ነበር። በዚያ የውድድር ዘመን ማብቂያም ኤቨርተን የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ጁን 1963 ላይ ኬይ ለእንግሊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ፣ ስዊዘርላንድን በባዝል 8 ለ 1 ሲያሸንፉ አንድ ጎል አገባ። ከዚያ በኋላ ለሀገሩ አልተጫወተም። ምክንያቱም በኤፕሪል 1964፣ ኮከብ ብሎ የመረጠው ያው ጋዜጣ የውርርዱን ምስጢር አወጣ፤ በጃንዋሪ 1965 ኖቲንግሃም ላይ ኬይ፣ ስዋንና ሌይን እያንዳንዳቸው የአራት ወር እስራት ተፈረደባቸው፤ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበርም ዕድሜ ልካቸውን ከኳስ አገዳቸው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። በሙሉ አቅሙ፣ እንዲያውም ከሁሉም በልጦ የተጫወተ ሰው ጥፋቱ በትክክል ምኑ ላይ ነው? ጥፋቱስ የዕድሜ ልክ እገዳ ይገባው ነበርን? ለልጆቹ የምነግራቸው ነገር ስለሆነ፣ በሚገባ ያሰባችሁበትን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።


ጠበቃው

አሰልጣኝ፣ ልጁ ጥያቄውን ፊት ለፊት ስላመጣልዎት ደስ ሊልዎት ይገባል፤ ብዙዎቹ ተመሳሳይ ነገር አስበው ሳይጠይቁ የሚያደርጉት ናቸውና።

በመጀመሪያ ፍርድ ቤቱ የፈረደባቸው በምን እንደሆነ ማየት ይጠቅማል። ክሱ «ደካማ ተጫውታችኋል» የሚል አልነበረም። ተከሳሾቹ ገንዘብ የሚከፍሉትን አወራራጆች ለማታለል ተመሳጥረዋል የሚል ነበር። አወራራጁ ዋጋ የሚያወጣው ሜዳ ላይ ያሉት 22 ሰዎች ሁሉ ለማሸነፍ ይጫወታሉ ብሎ በማመን ነው፤ ሦስቱ ከሌላኛው ወገን ጋር ገንዘባቸውን አስቀምጠው ከሆነ፣ ያ እምነት ጨዋታው ሳይጀመር ፈርሷል። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ አንድም የተበላሸ ኳስ፣ አንድም ሆን ተብሎ የተፈጠረ ስሕተት ማሳየት አላስፈለገውም፤ ስምምነቱን ማሳየት በቂ ነበር። ለዚህም የረዳው ጎልድ ራሱ ተጫዋቾቹን ሳያውቁ የቀዳበት የድምፅ ቅጂ ሲሆን፣ የድምፅ ቅጂ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት በማስረጃነት ከቀረበባቸው ቀደምት ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው።

ይህ ግን የሕጉ መልስ ነው፤ ልጁ የጠየቀው ከሕጉ ይልቅ ስለ ኅሊና ይመስለኛል። ለእሱ የሚሆነውን መልስ የሰጠው ፒተር ስዋን ራሱ ነው። ስዋን ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለዚያ ቀን ሲናገር፣ ጨዋታውን የተሸነፉት በአግባቡ መሆኑን፣ ነገር ግን ዌንስደይ እየመራ ቢሆን ኖሮ ምን ያደርግ እንደነበር እንደማያውቅ፣ ለአንድ ተከላካይ ፍጹም ቅጣት ምት መስጠት ወይም በራሱ መረብ ላይ ማስቆጠር ቀላል መሆኑን አልሸሸገም። ይህን ቃል ሳነብ ስዋንን አከበርኩት። ራሱን ለመከላከል ሲል «በፍጹም አላደርገውም ነበር» ማለት ይችል ነበርና።

እስኪ ልጁን እዚያ ቦታ ላይ ያቁሙት። ጨዋታው 80ኛው ደቂቃ ላይ ደርሷል፤ ውጤቱ 0 ለ 0 ነው፤ የተጋጣሚው አጥቂ ከክንፍ የተሻገረ ኳስ ለመግጨት ይነሳል፤ ልጁም አብሮት መዝለል አለበት። በግማሽ እርምጃ ቢዘገይ፣ የዘገየው ስለደከመ ነው ወይስ ኪሱ ውስጥ ባለው ትኬት ምክንያት? አሰልጣኙ ሊያውቅ አይችልም፤ ዳኛው ሊያውቅ አይችልም፤ ከሁሉም የሚከፋው ግን ልጁ ራሱ ሊያውቅ አለመቻሉ ነው። ያ ተጫዋች ከዚያ በኋላ በሙሉ አቅሜ ተጫውቻለሁ ብሎ ሊምል ቢፈልግ እንኳ፣ ለራሱ ምስክር የሚሆንበትን መብት በ50 ፓውንድ ሸጦታል። ኬይ በዚያ ቀን እንደ አንበሳ መጫወቱን አምናለሁ። ሆኖም ኢፕስዊች ቀድሞ ጎል ባያገባና ጨዋታው ቢከብድ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ዛሬ ማንም ሊመልስለት አይችልም።

ለልጆቹ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር፦ በዛሬው የፊፋ የሥነ ምግባር ደንብ ተጫዋችም አሰልጣኝም በእግር ኳስ ላይ መወራረድ የተከለከለ ነው፤ እንሸነፋለን ብሎም ሆነ እናሸንፋለን ብሎ ለውጥ የለውም።


ከሼፊልድ

እዚህ ሼፊልድ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለኖርኩና የዌንስደይ ደጋፊ ስለሆንኩ፣ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጠበቃው በጥፋቱ ላይ ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ቅጣቱን ግን አልቀበልም፤ ምክንያቴን በዝርዝር ልናገር።

በመጀመሪያ ዘመኑን አስቡት። በእንግሊዝ የአንድ ተጫዋች የሳምንት ደመወዝ ከ20 ፓውንድ እንዳይበልጥ የሚከለክለው ደንብ የተነሣው በጃንዋሪ 1961 ነው፤ የውርርድ ሱቆች በየከተማው በሕጋዊ መንገድ የተከፈቱት ደግሞ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ነው። ለዓመታት በዝቅተኛ ክፍያ የኖሩ ወጣቶች በድንገት ገንዘብ የሚሽከረከርበት ዓለም በሩ ላይ ቆሙ። ይህ ጥፋታቸውን አያነሣላቸውም። ነገር ግን 100 ፓውንድ ያገኘው ኬይ የሥራ ዘመኑን በሙሉ ሲያጣ፣ ነገሩን የጠነሰሰው ጎልድ ታሪኩንና ጓደኞቹን ለጋዜጣ ሸጦ 7,000 ፓውንድ ተቀበለ። እርግጥ ጎልድ በችሎቱ ከሁሉም የከበደውን የአራት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል፤ ዳኛውም ዋናው ጥፋተኛ እሱ መሆኑን አይተዋል። ይሁን እንጂ ጎልድ የጨዋታ ዘመኑን አስቀድሞ የጨረሰ ሰው ነበር። ከኳስ መታገዱ ከእሱ ምን ወሰደ? ከኬይና ከስዋን ግን ሁሉንም ነገር ወሰደ። አንድ ዓይነት ቅጣት ለሁሉም እኩል አይከብድም።

የወሰደባቸውን ለመረዳት 1966ን ማየት ይበቃል። በሜይ 14 ቀን የኤፍ ኤ ካፕ የፍጻሜ ጨዋታ በዌምብሌይ ተደረገ፤ የተገናኙትም ኤቨርተንና ሼፊልድ ዌንስደይ ነበሩ። ዌንስደይ 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ ኤቨርተን 3 ለ 2 አሸነፈ። የታገዱት ሦስት ሰዎች በአንድ ሜዳ ላይ፣ ስዋንና ሌይን በዌንስደይ፣ ኬይ ደግሞ በኤቨርተን ወገን ሊሰለፉ ይችሉ በነበረበት ቀን፣ አንዳቸውም ኳስ ለመንካት አልተፈቀደላቸውም። ሌይን በሁለት የውድድር ዘመን ከ50 በላይ ጎል ያስቆጠረ አጥቂ መሆኑን አስታውሱ። ከዚያ ጨዋታ ሁለት ወር ተኩል በኋላ ደግሞ እንግሊዝ በዚያው ሜዳ የዓለም ዋንጫን አነሳች። አሰልጣኙ አልፍ ራምሴይ ነበሩ፤ ኬይን በባዝል ያሰለፉት እሳቸው ናቸው፤ በዚያች በዲሴምበር ቀን ኢፕስዊችን ያሠለጥኑ የነበሩትም እሳቸው ናቸው። የስዋን ቦታ የጃክ ቻርልተን፣ ኬይ ይመኘው የነበረው ቦታ የኖቢ ስታይልስ ሆነ። ሁለቱ ታግደው ባይሆን ይመረጡ ነበር ብዬ አልምልም፤ ለመወዳደር ግን ይገባቸው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እዚህ ከተማ ያሉ ሽማግሌ ደጋፊዎችም ስለ ስዋን ሲናገሩ ከቁጣ ይልቅ ሐዘን ነው የምሰማባቸው።

እገዳው በ1972 ተነሣ። ስዋንና ሌይን ወደ ዌንስደይ ተመለሱ፤ ስዋን 35 ዓመቱ ነበር፤ ጥቂት ጨዋታዎችም ተጫወተ። ከዚያ ወደ ቤሪ ቡድን ሄደ፤ በኋላም ማትሎክ ታውን የተባለውን ትንሽ ቡድን እያሠለጠነ በ1975 በዌምብሌይ የኤፍ ኤ ትሮፊን አነሳ። እስከ ሕልፈቱ ድረስ፣ ማለትም እስከ 2021፣ በዚህ አካባቢ የተወደደ ሰው ነበር። ቶኒ ኬይ ግን ወደ ሊግ ኳስ ከቶ አልተመለሰም። ኤቨርተን ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈለበት ሰው፣ የውርርዱ ምስጢር ሲወጣ ገና 27 ዓመት አልሞላውም ነበር።

የዘመናችንን እናነጻጽር። እንግሊዛዊው አጥቂ ኢቫን ቶኒ በ2023 የውርርድ ደንብን 232 ጊዜ ጥሷል ተብሎ ስምንት ወር ታገደ፤ ጣሊያናዊው አማካይ ሳንድሮ ቶናሊ በዚያው ዓመት አሥር ወር ታገደ። ሁለቱም ውጤት አስቀይራችኋል ተብለው ባይከሰሱም፣ ሁለቱም ተመልሰው ተጫወቱ፤ ሕክምናና ምክርም አገኙ። ኬይ አንድ ጊዜ አጠፋ፤ መጫወት በሚችልበት ዕድሜ መመለሻ መንገድ አልተሰጠውም። አሰልጣኝ፣ ለልጆቹ ሲነግሯቸው ይህንንም እንዳይዘሉት እለምንዎታለሁ።


የድሮ ኳስ አንባቢ

ልጁ «ማንን በደልን?» ላለው ከ1915 የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ በሀገራችን ብዙ ደጋፊ ያላቸው ሦስት ቡድኖችም ስላሉበት ልጆቹ በቀላሉ ይከተሉታል።

ኤፕሪል 2 ቀን 1915፣ በስቅለት ዓርብ፣ ማንችስተር ዩናይትድ ሊቨርፑልን በኦልድ ትራፎርድ 2 ለ 0 አሸነፈ። ከሁለቱም ቡድኖች የተወሰኑ ተጫዋቾች ውጤቱን አስቀድመው ተስማምተው በ2 ለ 0 ላይ ተወራርደው ነበር። በጨዋታው መገባደጃ የሊቨርፑሉ ፍሬድ ፓግናም፣ በሴራው ያልነበረበት፣ ኳስ መትቶ አግዳሚውን ሲያስመታ የገዛ ጓደኞቹ ተቆጡት። ከምርመራ በኋላ ሰባት ተጫዋቾች ዕድሜ ልክ ታገዱ።

ታዲያ ማን ተበደለ? አወራራጁ ብቻ ቢሆን ልጁ ላያዝንለት ይችላል። በዚያ የውድድር ዘመን ዩናይትድ ከመውረድ የተረፈው ከቼልሲ በአንድ ነጥብ በልጦ ነው። ቼልሲ በዚያ ሜዳ አልነበረም፤ ተጫዋቾቹ ምንም አላጠፉም፤ ግን በሌሎች ስምምነት ከሚወርዱት ቡድኖች አንዱ ሆኖ ተገኘ። በታችኛው ሊግ ከመጫወት ያዳነው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1919 የሊጉ ቡድኖች ቁጥር መጨመሩ ብቻ ነው። በኢፕስዊቹ ጨዋታም እንዲሁ ነው፤ በሊግ ውድድር ሁለት ቡድኖች ብቻቸውን የሚጫወቱበት ጨዋታ የለም፤ እያንዳንዷ ነጥብ በሰንጠረዡ ላይ የሌላ ሰው ናት።

ስለ ይቅርታ ከሼፊልድ የጻፉትን ወንድሜን እደግፋለሁ፤ ታሪኩም ያግዛቸዋል። በጦርነቱ ላገለገሉት ተብሎ በ1919 እገዳው ሲነሣ፣ በ1917 በጦር ሜዳ ለወደቀው ለሳንዲ ተርንቡል እንኳ ከሞት በኋላ ተነሥቶለታል። ንጹሕ ነኝ ብሎ ፍርድ ቤት ድረስ የተሟገተው ኢኖክ ዌስት ብቻ ቀረ። የእሱ እገዳ የተነሣው በ1945፣ 59 ዓመት ሲሆነው ነው። ለ30 ዓመት የቆየ እገዳ፣ ያውም ሌሎቹ ስድስት ምሕረት አግኝተው እሱ ብቻ ቀርቶ፣ ለእኔ ፍትሕ አይመስለኝም።


የሰፈር አሰልጣኝ (ጠያቂ)

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጠበቃው ያሉትን የ80ኛ ደቂቃ ምሳሌ ሳነብ፣ ራሴ ተጫዋች በነበርኩበት ጊዜ ያመለጠኝ አንድ ኳስ ትዝ አለኝ፤ ምንም ውርርድ ሳይኖርብኝ እንኳ «ጠንክሬ ዘልዬ ነበርን?» እያልኩ ለስንት ሌሊት ተገላብጫለሁ። በዚያ ላይ ትኬት ቢጨመርበት ምን ይሆን እንደነበር አሁን ይገባኛል። የቼልሲውን ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ አላውቀውም ነበር፤ ከልጆቹ ግማሾቹ የቼልሲ ደጋፊዎች ስለሆኑ ወዲያው እንደሚገባቸው እርግጠኛ ነኝ።

በቅጣቱ ላይ አሁንም ልቤ ሁለት ነው። ኬይና ስዋን ለተወሰኑ ዓመታት መታገዳቸውን እቀበላለሁ፤ እስራቱንም ሕጉ የሚለው ስለሆነ አልከራከርበትም። የማልቀበለው «ዕድሜ ልክ» የሚለውን ቃል ነው። በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ያጠፋውን ማረም የሚችለው እዚያው ያጠፋበት ቦታ ላይ፣ በሜዳ ላይ ሲፈቀድለት ነው ብዬ አስባለሁ። ስዋን በ35 ዓመቱ ዕድሉን ማግኘቱና በማትሎክ ለሌሎች አስተማሪ ሆኖ መጨረሱ ይህን ያሳየኛል።

እንግዲህ ሁለት ነገር ወስኛለሁ። አንደኛው፣ በቡድናችን ውስጥ ማንም ልጅ በየትኛውም የእግር ኳስ ጨዋታ ላይ እንዳይወራረድ ከወላጆች ጋር ተነጋግረን ደንብ እናወጣለን፤ ያጠፋ ልጅም ለጥቂት ጨዋታ ይቀጣል እንጂ አይባረርም። ሁለተኛው ልጁን ይመለከታል። ጥያቄውን ያነሳው በጓደኞቹ ፊት ነው፤ ዝም ያሰኘሁትም በጓደኞቹ ፊት ነው። ስለዚህ ረቡዕ ልምምድ ከመጀመራችን በፊት ሁሉንም ሰብስቤ፣ ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ እንደነበረና መልስ መስጠት ሲገባኝ መቆጣቴ ስሕተት እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። ከዚያም የቶኒ ኬይን ታሪክ ከመጀመሪያው እጀምርላቸዋለሁ።